የዛፍ ጥላ ለማን ነው?



እንደሚታወቀው የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት መግቢያው 200 ብር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። መልካም ነው፤ አልጠላንም። ነገር ግን ጡረተኛ ልጆቹን ይዞ ልሂድ ቢል የታክሲው ሒሳብ ብቻ ያስደነግጠዋል።

ስለዚህ ከእድሩ አዳራሽ ጀርባ ወይራና ጽድ ይተከል መባሉን እንደግፋለን፤ ለቀስተኛውም ጥላ ያገኛል። ባሕር ዛፍ ግን ይቅርብን፣ ውኃ መጣጭ ነው። ታጥሮ ለአባል ብቻ ይሁን የሚለውን አንቀበልም። መዋጮ መክፈል ያቃተው ጎረቤት ልጅስ ፀሐይ አይመታውም እንዴ? ለፍየሉ እሾህ ይበቃል።

በክረምት ተተክሎ በበጋ የደረቀ ችግኝ ስንቱን አየን! ስለሆነም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውኃ አጠጪ ይመደብ፤ የድንኳን ተራ ዝርዝር አለን አይደል፣ በዚያው ይሂድ። ጀሪካኑን ከዕቃ ቤት ኃላፊው ይረከቡ።