የእናቶቻችን ገንዘብ፣ የእናቶቻችን ምክር
(ለመስጂዳችን ጀመዓ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ ሴቶች በንግድና በማኅበራዊ ኑሮ ያላቸውን ድርሻ የሚመለከት ነው። ርእሱ በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። በየዝግጅቱ ይነሳል፤ የእናታችን የኸዲጃ (ረ.ዐ) ስም ይጠራል፤ ጀመዓው «ረዲየላሁ ዐንሃ» ይላል፤ ከዚያም ምሳ ይቀርባል። ምሳውን ያበሰሉት እናቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን አልሰሙትም፤ ጭስ ውስጥ ነው የዋሉት። ስለዚህ ዛሬ ውዳሴውን ቀነስ አድርጌ ስለ ሁለት ነገሮች ብናገር እመርጣለሁ፤ ስለ ሴቶች ገንዘብና ስለ ሴቶች ምክር። እነዚህን ሁለቱን ነፍገን የምናቀርበው ውዳሴ ዋጋ ያለው አይመስለኝም።

ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ነጋዴ ነበሩ ሲባል ብዙዎቻችን ሀብት የወረሱ መበለት ነበሩ ማለት ይመስለናል። ሀብት መያዝና መነገድ ግን አንድ አይደሉም። ቁረይሾች በክረምት ወደ የመን፣ በበጋ ወደ ሻም ይነግዱ እንደነበር ከሱረቱ ቁረይሽ የምናውቀው ነው። ኸዲጃ ከቅፍለቱ ጋር አይጓዙም። ገንዘባቸውን ለሰው ይሰጣሉ፤ ሰውየው በድካሙ፣ እርሳቸው በገንዘባቸው ሆነው ትርፉን ይካፈላሉ። ፉቀሃዎች በኋላ ሙዳረባ ብለው ደንብ ያበጁለት ሽርክና ይህንኑ የመሰለ ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ መርካቶ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ዕቃው ከዓይን ርቆ ለወራት ይቆያል። በምን ያህል እንደተሸጠ የሚነግርህ የላክኸው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ዋናው ችሎታ ሰውን መመዘን ነው፤ ኸዲጃም ሰውን መመዘን ይችሉ ነበር። የሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛነትና አማና ጠባቂነት በሰሙ ጊዜ ለሌሎች ከሚሰጡት የተሻለ ድርሻ ሊሰጧቸው ተስማምተው ወደ ሻም ላኳቸው። ነገር ግን አገልጋያቸውን መይሰራን አብረው ሰደዱ። እምነትም አለ፤ ክትትልም አለ። መይሰራ ተመልሶ ያየውን ነገራቸው፤ ትርፉም ታየ። የጋብቻውን ሐሳብ በወዳጃቸው በነፊሳ በኩል ያነሱትም እርሳቸው ናቸው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ወሕይ በሒራእ ዋሻ ወርዶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤት በገቡ ጊዜ ኸዲጃ ያጽናኗቸው በባዶ ቃል አልነበረም። ዝምድና የሚቀጥሉ፣ የደካማውን ሸክም የሚሸከሙ፣ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሰው መሆናቸውን ዘርዝረው፣ እንዲህ ያለውን ሰው አላህ እንደማያዋርድ አስረዷቸው። ምስክርነታቸው በዓመታት ከተፈተነ ዕውቀት የመጣ ነበር። ያንን ሰው በንግድም፣ በትዳርም አይተዋቸዋል። ለዚህ ዲን የመጀመሪያዋ ምስክር አንዲት ነጋዴ ሴት ናት ብንል አላጋነንንም።

ቁረይሾች በበኑ ሃሺም ላይ ማዕቀብ በጣሉ ጊዜ ኸዲጃ ከሌላ ጎሳ፣ ከበኑ አሰድ፣ ስለሆኑ በቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ግን ከባላቸው ጋር ወደ ሸለቆው ወረዱ። የወንድማቸው ልጅ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ስንዴ ሊያደርስላቸው ሲሄድ አቡ ጀህል መንገድ ላይ እንደያዘው በሲራ ተጽፏል። በዚያ መከራ ሀብታቸው ለምን እንደዋለ ይታወቃል። ማዕቀቡ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ በ619 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ ያም ዓመት የሐዘን ዓመት ተባለ።

አሁን አንድ የፊቅህ ነጥብ እንመልከት። የአብደላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ድሃ ነበሩ። ዘይነብ በባላቸውና በሚያሳድጓቸው የቲሞች ላይ የሚያወጡት ገንዘብ ሶደቃ ሆኖ ይቆጠርላቸው እንደሆነ ሊጠይቁ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ የመጣች ሌላ የአንሷር ሴት አገኙ። ጥያቄውን ወደ ውስጥ ያደረሰላቸው የአገራችን ልጅ ቢላል (ረ.ዐ) ነው። መልሱም ሁለት አጅር እንዳላቸው የሚገልጽ ነበር፤ የዝምድና አጅርና የሶደቃ አጅር።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ሰው ሶደቃ የሚሰጠው ከራሱ ገንዘብ ነው። የሚስት ገንዘብ የባል ቢሆን ኖሮ ዘይነብ ለባላቸው ሶደቃ ሊሰጡ ባልቻሉም ነበር። ስለዚህ ሚስት ጉልት ተቀምጣ ያገኘችው፣ በስፌት ያገኘችው፣ በዕቁብ የደረሳት ገንዘብ የእርሷ ነው። ለቤቱ ብታወጣው አጅር አላት፤ ባታወጣው ሀብቷ ነው። ወንዶች ካገኙት ድርሻ እንዳላቸው፣ ሴቶችም ካገኙት ድርሻ እንዳላቸው በሱረቱ ኒሳእ 32ኛ አንቀጽ ተነግሯል። መህሯም ቢሆን የራሷ ነው፤ አባቷ የሚያጣጥመው፣ ባሏ የሚበደረው አይደለም።

ወደ ሚራስ ልግባ። ኡሑድ ላይ፣ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሆኑ። ሁለት ሴቶች ልጆችና ሚስት ተዋቸው። በጃሂሊያው ልማድ ሴት አትወርስም፤ ስለዚህ የሟቹ ወንድም ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። መበለቲቱ ግን ዝም ብላ አላለቀሰችም። ሁለቱን ልጆች ይዛ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረበች፤ አጎታቸው ሀብቱን እንደወሰደው፣ ያለ ሀብትም እንደማያገቡ ተናገረች። የውርስ አንቀጽ ወረደ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን ሰጥቶ የተረፈውን እንዲወስድ አዘዙት። ሒሳቡን እንሥራው፤ ንብረቱ 24 ቢሆን 16ቱ ለልጆቹ፣ 3ቱ ለእናት፣ 5ቱ ለአጎት ነው። ሁሉን የወሰደው ሰው ከ24 አምስት ይዞ ቀረ!

ይህች ሴት የመድረክ ንግግር አላደረገችም፤ በጎሳዋም ላይ ሹም አልነበረችም። ነገር ግን እያንዳንዷ ሙስሊም ሴት የምትወርስበት ሕግ የወረደው እርሷ ባነሳችው ጉዳይ ነው። እኔ አመራር የምለው ይህን ነው።

በምክርም ረገድ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አሉ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ የሑደይቢያ ስምምነት ሲፈረም ሶሓቦቹ ከባድ ሐዘን ገባቸው። ሀድያቸውን እንዲያርዱና ጸጉራቸውን እንዲላጩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ ቢያዙም የተነሳ አልነበረም። ወደ ኡሙ ሰለማ ገብተው ነገሩን አወሷቸው። እርሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው የራሳቸውን ሀድይ እንዲያርዱና ጸጉራቸውን እንዲላጩ መከሩ። እንደተባለው ሆነ፤ ሰዎቹም ተነስተው ተከተሉ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ የሴት ምክር ሰምተው ሠርተውበታል። የእኛ ኮሚቴ አይሰማም ማለት እንግዲህ ከማን በልጠን ነው?

ኡሙ ሰለማ ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ሌላም ውለታ አለባቸው። ከመጀመሪያ ባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ናቸው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩትን፣ ነጃሺም እንዴት እንዳለቀሱ፣ ስደተኞቹንም አሳልፈው አልሰጥም እንዳሉ በየመድረኩ የምንተርከው ታሪክ በኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ የደረሰን ከኡሙ ሰለማ አንደበት ነው። የምንኮራበት ታሪካችን በአንዲት ሴት ትውስታ ተጠብቆ የቆየ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የቁርኣኑ ሱሑፍም ከዑመር (ረ.ዐ) በኋላ በልጃቸው በሐፍሳ (ረ.ዐ) ቤት እንደተቀመጠና ዑስማን (ረ.ዐ) ሊያስገለብጡ ከእርሳቸው እንደተዋሱ ልብ ይሏል።

ከአገራችንም ብንጠቅስ የሐረር ሰዎች የማይረሷቸው ባቲ ድል ወንበራ አሉ። ኢማም አሕመድ በ1543 እ.ኤ.አ. ከተገደሉ በኋላ ልጃቸው ተማርኮ ነበር። የዐፄ ገላውዴዎስ ወንድም ሚናስም በበኩሉ በሙስሊሞቹ ወገን ተማርኮ ቆይቷል። ሁለቱ ምርኮኞች እንዲለዋወጡ ድል ወንበራ ጥረት አድርገው ተሳካላቸው። ያን ያህል ደም ከፈሰሰ በኋላ ለድርድር መቀመጥ ቀላል አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና።

ከእህቶቻችን ብዙዎቹ አረብ አገር ናቸው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርተው በየወሩ ይልካሉ። በዚያ ገንዘብ ወንድም ይማራል፣ አባት ይታከማል፣ ቤት ይሠራል። ቤቱ ሲሠራ ካርታው በማን ስም ይወጣል? በወንድም ስም። ልጅቷ ስትመለስ በሠራችው ቤት እንግዳ ትሆናለች፤ «የኔ ነው» ብትል ቤተሰብ ያፈረሰች ትባላለች። የላከችው በስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው፤ ጥያቄ የለውም። ቤት ሥሩልኝ ብላ ከላከች ግን ወንድሟ ወኪል ነው፤ ወኪል ደግሞ አማና ተሸካሚ ነው። ኸዲጃ የላኳቸው ሰው አማናውን እንዴት እንደመለሱ ከላይ አይተናል።

በገጠሩም አባት ሲሞት መሬቱንና ከብቱን ወንዶቹ ይካፈላሉ። ሴቷ «ባሏ ቤት አላት» ትባላለች፤ ወይም ዘመድ በተሰበሰበበት «ለወንድሞቼ ትቻለሁ» እንድትል ይደረጋል። በሐያእ የተነጠቀ ቃል ፈቃድ አይደለም። የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ መሆኑን ጠቅሰው የሚከራከሩን ሰዎች አሉ፤ የአገሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች በውርስ እኩል እንዲታዩ ይደነግጋል። ያንን ክርክር ለዓሊሞችና ለሕግ ዐዋቂዎች እተወዋለሁ። እኔ የታዘብኩት ስለ ግማሹ አጥብቆ የሚከራከረው ወንድም ብዙውን ጊዜ ግማሹንም ያልሰጠ መሆኑን ነው። ቁርኣኑን ለመከልከል እንጂ ለመስጠት አልገለጠውም። የመቅድሙን ሰፍ ሳይለቅ የእህቱን ሐቅ የሚበላ ሰው በየሰፈሩ አለ።

መስጂዶቻችንም ቢሆኑ በሴቶች ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ኮሚቴ በየቤቱ ሲዞር የጆሮ ጌጧን አውልቃ የምትሰጥ ማን ናት? ከበርበሬና ከቡና ችርቻሮ ላይ ቀንሳ የምታዋጣውስ? ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግን «የአቶ እገሌ ቤተሰብ» የሚል ነው። ከዐረፋትና ከሑነይን ወደ መካ ውኃ ያስመጡት ዙበይዳ፣ የሃሩን አር ረሺድ ባለቤት፣ ካረፉ ከ1,190 ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል፤ ውኃው ግን ዛሬም የዙበይዳ ምንጭ እየተባለ ነው የሚጠራው። «የሃሩን ቤተሰብ ምንጭ» ያለው የለም።

ስለዚህ ለኮሚቴያችን የማቀርበው ጥያቄ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሴት የሰጠችው ገንዘብ በራሷና በአባቷ ስም ደረሰኝ ይቆረጥለት። ስሟ እንዳይወጣ የምትፈልግ ብትኖር ይህ ምርጫዋ ነው፤ ግን ትጠየቅ። የሴቶች መስገጃ ጣሪያ ሲያፈስ፣ የውዱእ ቦታቸው በር ሳይኖረው ሲቀር ወንዶች ብቻ ተቀምጠን አንወስን፤ ሁለት ወይም ሦስት እናቶች የኮሚቴው ሙሉ አባል ሆነው፣ የሒሳብ መዝገቡንም እያዩ ይወስኑ። በገበያ በየቀኑ ሒሳብ የሚያጠሩ ሴቶች የመስጂዱን ሒሳብ ይከብዳቸዋል የሚል ካለ አንድ ቀን ጉልት አብሯቸው ይቀመጥ።

ሦስተኛው ሚራስ ነው። ጀናዛ ወደዚህ መስጂድ ሲመጣ ኢማማችን የሟች ዕዳ ያለበት ሰው እንዲቀርብ ይጠይቃሉ። በዚያው አፍ፣ ሰላቱ ሳይቆም፣ የሟች ሴቶች ልጆች ስንት እንደሆኑ ይጠየቅ። ቁጥራቸው ይጻፍ። ከሐዘኑ ቀናት በኋላ ከዓሊሞች ሁለት ሰው፣ ከእናቶች አንድ ሆነው ወደ ቤቱ ይሂዱ፤ ድርሻው ከ24 ይሁን ከ8 አስልተው፣ በወረቀት ጽፈው ለልጆቹ በየእጃቸው ይስጡ።