ደጁን ሳናውቅ ደጅ እንዳንጠና፦ የፕሬዚዳንት ሥልጣንና ወሰኑ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ስነሣ ስለ ሒሳብ የምናገር የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ አገራችን ፕሬዚዳንት ሥልጣን ነው። ለዚህ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ክብርት ሣህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ከዚያ በኋላ አንዲት እናታችን ወደ እኔ መጡ። በሟች ባለቤታቸው ቤት ጉዳይ ከዘመዶቹ ጋር ተካሰው ተፈርዶባቸዋል። «ልጄ፣ አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። እሳቸውም ሴት ናቸው፣ የሴት ችግር ይገባቸዋል። ፍርዱን እንዲሽሩልኝ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ። እኔም ጻፍኩ። የጎረቤት ምስክርነት፣ የእድር ደብዳቤ እያልን ወረቀት ስናሰባስብ ሳምንታት አለፉ። ማመልከቻውን ሳናስገባ የይግባኝ ጊዜያቸው አለፈ። ወረቀቱን ያየች አንዲት የሕግ ባለሙያ «ፕሬዚዳንቷ ከልባቸው ቢያዝኑላችሁም ይህን ፍርድ መለወጥ አይችሉም» ስትለን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ምሽት ሕገ መንግሥቱን ይዤ ተቀመጥኩ። የመሥሪያ ቤት የፋይናንስ መመሪያ እንደማነበው አድርጌ አነበብኩት፦ ማን ይፈቅዳል? በማን አቅራቢነት? ገደቡስ ምንድን ነው?

አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው ይላል። አንቀጽ 70 አመራረጡን ይነግረናል። ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚመረጠው ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው፤ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። የምክር ቤት አባል ከሆነም ወንበሩን ይለቃል። ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀሥላሴም መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ሥልጣኑን የሚዘረዝረው አንቀጽ 71 ነው። ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል። የጸደቁ ሕጎችንና ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል። የውጭ አገር አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል። ኒሻንና ሽልማት ይሰጣል። የእኛን አምባሳደሮች የሚሾመውና ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የሚሰጠው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው። ይቅርታም ያደርጋል፤ እሱም በሕግ በተወሰነው ሁኔታና ሥርዓት መሠረት ነው።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በጣም ያስገረመኝ አንቀጽ 57 ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ባይፈርምስ? ሕጉ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። በእኛ ሥራ ቼክ ላይ አንድ ፊርማ ከጎደለ ባንኩ አይከፍልም። እዚህ ግን ፊርማው ቢቀርም ሕጉ ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱ ሕግ የመሻር ሥልጣን የለውም ማለት ነው።

ታዲያ ሥልጣኑ የት ነው? በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔርም የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥም ነበር። በ1987ቱ ግን የመንግሥት ሥራ አስፈጻሚውም የጦር ኃይሉ አዛዥም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ አንቀጽ 74ን ተመልከቱ። የመዳኘት ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 79 የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው፤ ማንኛውም ባለሥልጣን ጣልቃ አይገባም። የእኛን እናት ጉዳይ የሚመለከተው ይህ ነው። የፕሬዚዳንቱ ይቅርታ በወንጀል ለተፈረደበት ሰው ነው። የቤት ክርክር በይቅርታ አይፈታም።

«እንዲህ ከሆነ ሴት ፕሬዚዳንት መሆኗ ምን ጠቀመን?» ያለችኝ አባል አለች። ጠቅሞናል። ሴት ልጆቻችን ርዕሰ ብሔር ሴት ሆና አይተዋል። ነገር ግን ክብርና ሥልጣን አንድ አይደሉም። አንዱን ከሌላው ስናምታታ የምንጎዳው እኛው ነን። ሹሙንም ያላጠፋውን እንወቅሰዋለን፣ በእውነት መጠየቅ ያለበትን ደግሞ እንተወዋለን።

ደጅ መጥናት ለእኛ ለሴቶች አዲስ አይደለም። ነገር ግን ደጁን እንወቅ። ተፈርዶብሽ ካልተስማማሽ፣ ደጅሽ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው፤ ቀኑንም ቁጠሪ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት በአሠራሩ ከበደለሽ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ሕጉ ራሱ ካስቸገረሽ የመረጥሽውን የምክር ቤት አባል ጠይቂ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

እናታችን አሁን የዘገዩበትን ምክንያት አስረድተው ይግባኙን ለማስፈቀድ እየደከሙ ነው። ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለአባሎቻችን ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት በወረቀቱ አናት ላይ ሁለት ነገር እንጻፍ፦ የምንጠይቀውን ነገር ለመስጠት ሥልጣን ያለው ማን ነው? የመጨረሻው ቀንስ መቼ ነው? ያን ጊዜ እኔ ሁለቱንም አልጠየቅሁም፤ ዋጋውን ግን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።