የትራክተርን ጎማ በውኃ ስለ ማክበድ

በሆሳዕና ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቅዷል። ዛሬ በሐድያ የስንዴ ማሳ ላይ ትራክተር እንግዳ አይደለም። ሆኖም ጎማው በቦታው ሲሽከረከር የሚቃጠለው ናፍጣም፣ የሚያልፈው የዘር ጊዜም የገበሬው ነው። ስለዚህ በቀላል ወጪ የሚሠራ አንድ መፍትሔ እናሳስባችኋለን፤ እርሱም የኋላ ጎማዎችን በውኃ ማክበድ ነው።

አስቀድማችሁ መንሸራተቱን ለኩ። በኋላው ጎማ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማረሻው ተነሥቶ ሳለ ጎማው 10 ዙር ሲዞር የተጓዘውን ርቀት መዝግቡ፤ ከዚያም እያረሰ 10 ዙር ይሂድ። 50 ሜትር የነበረው 43 ቢሆን መንሸራተቱ 14 በመቶ ነው፤ ይህ ደኅና ነው። 38 ቢሆን ግን 24 በመቶ ባክኗል፤ ክብደት ያሻዋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ግን በውኃ አይድንም።

የ1 ሊትር ውኃ ክብደት 1 ኪሎ ነው። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ቢገባ፣ ትራክተሩ 400 ኪሎ ይጨምራል። ልኩን ግን የአምራቹ መመሪያ ይወስነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ለፊት ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ፤ የኋላውን በክሪክ አንሥታችሁ በወፍራም ግንድ ደግፉት፤ ክሪክን ብቻውን አትመኑ። ቫልቩ ከላይ እንዲሆን ጎማውን አዙሩ፤ አየሩን አውጡ፤ ከጎማው ከፍ ካለ በርሜል በጎማ ቱቦ ውኃ ልቀቁ፤ በየጊዜው ቱቦውን ነቅላችሁ የታመቀውን አየር አስተንፍሱ። ውኃው በቫልቩ መፍሰስ ሲጀምር ጎማው ሦስት አራተኛ ያህል ሞልቷል ማለት ነው፤ በዚያ ይብቃ። ከዚያ በላይ የቀረው ስፍራ የአየር ነው፤ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ጢም ብሎ የሞላ ጎማ የመንገድን ምት አይችልም። በመጨረሻ በአምራቹ ልክ ንፉት። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይሙሉ።

ብርድ በሚጸናባቸው አገሮች ውኃው በረዶ እንዳይሆን ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይጨምሩበታል። ጨው ቸርኬን ይበላል። በሆሳዕናና በዱራሜ ግን በጎማ ውስጥ ያለን ውኃ በረዶ የሚያደርግ ብርድ የተለመደ ስላልሆነ፣ ንጹሕ ውኃ ብቻውን ይበቃል።

በሐምበሪቾ ግርጌና በመሰል ተዳፋት ስፍራዎች ይህ ክብደት ከመገልበጥ ዋስትና አይደለም። የፊት ጎማ ከመሬት መነሣት ከጀመረ ሥራው ወዲያው ይቁም። እርጥብ ጥቁር አፈርም በከባድ ጎማ ይጠቀጠቃልና ጠፈፍ እስኪል ታገሡ። እርሻው አልቆ ትራክተሩ ጋሪ ብቻ የሚጎትት ከሆነ፣ ቫልቩን ወደ ታች አዙራችሁ ውኃውን አፍስሱ።

ጎማው በተበሳ ጊዜ ውኃ እንዳለበት ሳትነግሩ ለጎሚስታ አትስጡ፤ ሳያውቅ የፈታው ጎማ በላዩ ቢወድቅ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የገባው የውኃ መጠን በማሽኑ መዝገብ ይጻፍ፤ ቸርኬውም ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።