የሚኒባሳችን ሽቦ

የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ ሚኒባሳችንን ይዘን ወደ እርሻ የምንወርድበት ጊዜ ነው። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል የገባባትን ይቺን አሮጌ መኪና ከእናንተ የማያውቃት የለም። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከመነሳቱ በፊት ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ቤታቸውን በመኪና ይዘው በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲያልፉ እናይ ነበር። የእኛዋም ያው ናት፤ እነሱ ለሽርሽር፣ እኛ ለእንጀራ። እሷ ከቆመች የምግብ ሽያጩ የለም፣ ሽያጩ ከሌለ የዘንድሮው ብድር አይመለስም።

ማታ መብራቷ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። አንድ ጋራዥ ባትሪ ቀይሩ አለን፤ ተቀየረ፤ በሳምንቱ ያው ሆነ። ስለዚህ ሌላ ባትሪ ከመግዛት ቴስተር ገዛን።

ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ካልደረሰ ዲናሞውን ወይም ከእሱ የሚመጣውን ገመድ ጠርጥሩ። የእኛ 14.1 ነበር፤ ዲናሞው ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ማሳውን አየን። የአሮጌ መኪና በሽታ አብዛኛው እዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ስለሆነ፣ ጥቁሩ ገመድ የታሰረበት ብሎን ከዛገ መመለሻ ያጣል። ክረምት ጭቃው፣ በጋ አቧራው እዚያው ይጠራቀማል። ትልቁን መብራት አብርታችሁ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቆርቆሮው ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ እኛ ግን ከግማሽ ቮልት በላይ አገኘን። ብሎኑን ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ አጥብቀን አስረን ከላይ ግራሶ ቀባነው። መብራቱ ያን ማታ ተስተካከለ።

ሌሊት ባትሪውን የሚጠጣው ግን ሌላ ነበር። እሱን ለማግኘት ሁሉን አጥፍተን፣ ጥቁሩን ገመድ ከባትሪው ፈትተን በመካከል ቴስተሩን በአምፔር በኩል አስገባን። (በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት የሞከረች ቴስተሩን ታቃጥለዋለች።) ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ሲነቀል ቁጥሩ የወረደበት መስመር ሌባው እሱ ነው። የእኛ ሌባ ከአልጋው ሥር የተቀመጠው ኢንቨርተር ሆነ። ምንም ባይሰካበትም ማብሪያው ካልተዘጋ ይጠጣል።

ስለ ፊውዝ ጠንከር ብለን እንናገር። 10 አምፔር ከተባለ 10 ነው የሚገባው። የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ወይም 30 አስገብቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ያኔ በፊውዙ ፈንታ ሽቦው ይቃጠላል፣ ሽቦው ደግሞ ሦስት እናቶች በሚተኙበት አልጋ ሥር፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ይነካል። የእኛን በሩ ሥር አገኘነው። ናስትሮ ብቻውን ለገንዳ ውሃ ሙቀት አይሆንም፣ ሙጫው ይለቃል፤ የተበላውን ቆርጠን ቀጠልነውና በጎማ ቱቦ አለበስነው።

ሥራ ስትጀምሩ የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ። መጀመሪያ ጥቁሩን ገመድ ፍቱ፣ ስትመልሱ እሱን በመጨረሻ እሰሩ፤ ጥቁሩ ሳይፈታ ቀዩን ስትነኩ መፍቻው ቆርቆሮ ቢነካ እሳት ይረጫል። የኢንቨርተሩ 220 ቮልት የባለሙያ ነው፣ አንነካውም። ቴስተሩ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣችሁ ልመዱት።