የመንግሥትን ሥራ ለሚሹ የመቂ ተማሮች የተነገረ ቃል

ልጆች ሆይ፤ በቀድሞ ዘመን የመንግሥትን ሥራ የሚሻ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ መጥናትም ማለት ማልዶ ተነሥቶ በጌታ በር መቆም፥ ጌታው ሲገባና ሲወጣ እጅ መንሣት፥ ስሙን በጌታው ፊት የሚያነሣለት አማላጅ መፈለግ፥ ይህንም ሳይሰለቹ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት መቀጠል ነው። ስንቁ ያለቀበት ወደ አገሩ ይመለስ ነበር፤ የታገሠና አማላጅ የቀናው ግን ሹመት ያገኝ ነበር። እንግዲህ ከደጁ ተመልሶ የሚቀረው ድኻው እንጂ ያልተማረው አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ ጸሐፊ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በዛ፤ ያን ጊዜም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ፥ የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ነገር ግን የመንግሥትን ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው የሚጠብቅ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 23 ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋወጡ፥ ሕጉም ብዙ ጊዜ ተሻሻለ። ሆኖም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 515፥ በእግሩ የተተካውም የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም ክፍት የሥራ ቦታ የሚሰጠው የሚፈለገውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘ ሰው እንዲሆን፥ ዕድሜውም ከ18 ዓመት እንዳያንስ ነው።

ይህ እንዲህ ሳለ፥ ዛሬም «በዚያ መሥሪያ ቤት ሰው አለኝ» እያለ የሚዞር ደላላ አልጠፋም። በመቂ ዙሪያ ያለ ገበሬ የሽንኩርቱንና የቲማቲሙን ዋጋ፥ ያም ባይበቃ በሬውን ሸጦ ለልጁ ሥራ ይገዛ ዘንድ ይፈተናል። ስለዚህ የደላላውን ዘዴ ማወቅ ይበጃል። ደላላው ከ10 ተፈታኞች ገንዘብ ይቀበልና አንዳች ሳይሠራ ይቀመጣል። ከእነርሱ አንዱ በገዛ እውቀቱ ባለፈ ጊዜ «ያሳለፍሁህ እኔ ነኝ» ይለዋል፤ ለቀሩት 9 ደግሞ «በሚመጣው ጊዜ ይሆናል» ይላቸዋል። ያለፈውም ልጅ እውነት መስሎት ዝናውን ያወራለታል። በሬው የተሸጠበት አባት ግን ክረምቱ ሲመጣ የሚያርስበት የለውም። በእርግጥ አድልዎ ከቶ የለም ማለት ውሸት ነው፤ ነገር ግን የተበደለ ሰው ውጤቱ እንዲገለጽለት ጠይቆ ቅሬታውን በጽሑፍ ቢያቀርብ ማስረጃው በእጁ ይቀራል። ለደላላ የሰጠ ሰው ማመልከቻ የሚጽፍበት አፍ እንኳ የለውም።

ማስታወቂያው የሚገኝበትም ስፍራ የተሰወረ አይደለም። የዱግዳ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች በመቂ፥ የምሥራቅ ሸዋ ዞን መሥሪያ ቤቶች በአዳማ ሰሌዳ አላቸው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ደግሞ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። በስልክ በቴሌግራም የሚተላለፈውም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማን እንደ ጻፈው አይታወቅምና፥ ስለ ምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ መሥሪያ ቤቱን ራሱን ሳይጠይቁ ማመን አይገባም።

ሰሌዳውን ያየ ሁሉ ግን አነበበው አይባልም። በልምድ ረገድ «0 ዓመት» ተብሎ የተጻፈው ከትምህርት ቤት አሁን ለወጣ ልጅ የተጻፈ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳያስተውሉ ያልፋሉ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ተብሎ ሐሙስ የወጣ ማስታወቂያ፥ ቅዳሜና እሑድ የማይቈጠሩ ከሆነ፥ የሚዘጋው ረቡዕ ነው። ወሬውን እሑድ የሰማ የመቂ ልጅ እንግዲህ የቀረው 3 ቀን ብቻ ነው፤ በሞጆ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት። ወረቀቱ ተሰብስቦ ያልቈየ ልጅ በእነዚያ 3 ቀናት ምን ሊያደርግ ይችላል?

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር አለ። የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት በኦሮምኛ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል። ሁለቱን አጥርቶ የሚጽፍ ልጅ ሁለቱን ሰሌዳ ያነባል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚገባው የስም ነገር ነው። ጫልቱ የምትባል ልጅ ስሟ በኦሮምኛ በላቲን ሲጻፍ የመጀመሪያው ድምፅ በአንድ ፊደል፥ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ግን በሁለት ፊደል ነው። በመታወቂያዋ በአንዱ፥ በፈተና ውጤቷ በሌላው ተጽፎ ሲገኝ፥ መዝጋቢው ሁለት ሰው ያያል። አያት ስም በአንዱ ገብቶ በሌላው የቀረ እንደ ሆነማ ችግሩ ይብሳል። ይህም የሚታወቀው በምዝገባው ቀን ነው፤ ጥፋቱ የቸልተኛ ጸሐፊ ቢሆንም የሚመላለሰው ባለ ስሙ ነው። አስቀድሞ የማረሚያው መንገድ ግን ቅርብ ነው። በአገሪቱ ሁሉ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት በመዝገብ መጻፍ ተጀምሯል። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ስሙ በፈተና መዝገብ ከመግባቱ በፊት የልደት ወረቀቱን ይዞ ወደ አስተማሪው ቢሄድ፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አኑረው ፊደል በፊደል ያመሳክሩታል፤ ያን ጊዜ ነገሩ በእርሳስና በላጲስ ያልቃል።