ከካርዱ ጀርባ፦ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ካርዶችና አንድ የፑኝዶ ስብስብ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ ወዲህ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ዶክተር፣ ከመዛግብት ወደ ኳስ መቼ ተሻገሩ?» እያሉ ቀልደውብኛል። መልሴ አልተሻገርኩም የሚል ነው። የተጫዋች ካርድ መዝገብ ነው። በፊቱ ፎቶግራፍ፣ በጀርባው ደግሞ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲና ያስቆጠረው ነጥብ ይሰፍራል። የቀበሌ መታወቂያ ከዚህ የበለጠ ምን ይነግረናል?

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሲጋራ አምራቾች ፓኮው እንዳይጨማደድ በውስጡ ወፍራም ወረቀት ያስገቡ ነበር። ወረቀቱ ባዶ ከሚሆን ብለው የታዋቂ ሰዎችን ምስል አተሙበት። ኋላም ማስቲካ ሻጮች ልማዱን ወረሱ። በቅርጫት ኳስ የመጀመሪያው ትልቅ ስብስብ ቦውማን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ሲሆን 72 ካርዶች ነበሩት። ፍሊር እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጣቸው 132 ካርዶች መካከል ቁጥር 57 ማይክል ጆርዳን ነው፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እርሱን ነው። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እኛ በልጅነታችን ቆርኪና ቴምብር ስንሰበስብ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመንም፤ ቆርኪ ዛሬም ቆርኪ ነው።

የኮሌጅ ተጫዋች ካርድ ግን የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። በአሜሪካ የኮሌጆችን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር ለብዙ ዘመናት ተማሪው በስሙም ሆነ በምስሉ ገቢ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ትኬት ይሸጣል፣ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ልጁ ግን «አማተር» ስለሆነ ከፊቱ ምንም አይደርሰውም። ኤድ ኦባነን እ.ኤ.አ. በ1995 ከዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ጋር ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ነው። ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የራሱን አምሳያ ሲሮጥ አየ፤ ማንም አላስፈቀደውም፣ ማንም አልከፈለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ክስ መሠረተ፣ በ2014ም ፍርድ ቤት ማኅበሩ የውድድር ሕግን ጥሷል ሲል ወሰነ። በመጨረሻ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ክልከላው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ገና በዩኒቨርሲቲ ሳለ ከካርድ አምራቾች ጋር መዋዋል ይችላል። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ልጅ ግን ቪዛው ሠርቶ ገቢ ማግኘትን በእጅጉ ስለሚገድብበት፣ ክልከላው ከተነሣም በኋላ በሩ ለእርሱ በግማሽ እንደተዘጋ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ፑኝዶ ልውሰዳችሁ። አቦቦን አልፈን የምናገኛት ይህች የጎግ ወረዳ ከተማ፣ በስደተኞች መጠለያዋ ስሟ ከክልላችን አልፎ ይታወቃል። በመጠለያው አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ ስሙን እንዳልጠራ ስለጠየቀኝ አልጠራም። በጫማ ካርቶን ውስጥ 43 ካርዶች አሉት። አንዱም ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ምስሎቹን ከስልክ አውጥቶ፣ ከተማው ውስጥ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፣ ላሚኔት አስደርጎ፣ በእኩል መጠን ቆርጦ ያዘጋጃቸው ናቸው። ጓደኞቹም እንዲሁ ስላላቸው ይለዋወጣሉ፤ ካየሁት የልውውጥ ዋጋ ከፍተኛው ሦስት ካርድ በአንድ ነው። በሦስት የሚለወጠው ካማን ማልዋች የዱክ ዩኒቨርሲቲን ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ የሚታይበት ካርድ ነው። ከ43ቱ 19 የእርሱ ናቸው።

ማልዋች በሩምቤክ ተወልዶ፣ በስደት በኡጋንዳ አድጎ፣ በሴኔጋሏ ሳሊ በሚገኘው የኤን.ቢ.ኤ. አካዳሚ ሠልጥኖ፣ ገና በ17 ዓመቱ ለደቡብ ሱዳን በፓሪስ ኦሊምፒክ የተሰለፈ፣ ቁመቱ 218 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወጣት ነው። በዱክ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ዱክ በብሔራዊው ውድድር ግማሽ ፍጻሜ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ 70 ለ67 ተሸነፈ። በዚያው ዕለት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የተሰጡ ቪዛዎች በሙሉ መሰረዛቸውን አስታወቀ። በዚያች አንድ ቀን ዜናው ስለ ልጁ ጨዋታና ስለ ልጁ ወረቀት እኩል ይጽፍ ነበር። በጁን ወር በኤን.ቢ.ኤ. ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ የሚጫወተውም ለፊኒክስ ሰንስ ነው።

ፎቶግራፎቹን ማንም ሊያገኛቸው ይችላል። እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ የካርዶቹ ጀርባ ነው። የፋብሪካ ካርድ «የትውልድ ቦታ» ብሎ አንድ ስም ይጽፋል። የፑኝዶው ተማሪ ግን በእንግሊዝኛና በኑዌርኛ እያደባለቀ፣ በዚያ ቦታ «የመጣበት መንገድ» የሚል ረድፍ አስገብቷል፦ ሩምቤክ፣ ካምፓላ፣ ሳሊ፣ ደራም። በአንዳንዶቹ ካርዶች ላይ ደግሞ የትውልድ ቀኑን ቦታ ባዶ ትቶታል። ምክንያቱን ስጠይቀው «ጃንዋሪ 1 የሚል ከሆነ አልጽፈውም፤ የተሰጠው እንጂ የራሱ አይደለም» አለኝ።

ይህን አባባል ለመረዳት የፑኝዶን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1991 በዚህ ስፍራ ከወላጆቻቸው የተለዩ እጅግ ብዙ የሱዳን ሕፃናት ተጠልለው ነበር። ደርግ ሲወድቅ ሸሹ፤ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩም ብዙዎች በጥይትና በውኃ አለቁ። ከተረፉት መካከል ኬንያ ደርሰው፣ ከ2000 ወዲህ በአሜሪካ የሰፈሩት ወደ 3,800 ይጠጋሉ። ልደታቸውን የሚያውቅ ሰነድ ስላልነበረ፣ ለብዙዎቹ ጃንዋሪ 1 የትውልድ ቀን ሆኖ ተመዘገበላቸው። ዛሬም በመጠለያ መታወቂያዎች ላይ ይህ ቀን ይደጋገማል።

የካርድ ጀርባም ከዚህ ችግር አላመለጠም። የዲንካው ማኑቴ ቦል እ.ኤ.አ. በ1984–85 ለብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ በጨዋታ በአማካይ 22.5 ነጥብ ሲያስቆጥር 7.1 ኳስ አግዷል። በቀጣዩ ዓመት በኤን.ቢ.ኤ. ያገዳቸው ኳሶች 397 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች አያጠራጥሩም፤ ዳኛና መዝጋቢ ባለበት የተቆጠሩ ናቸው። የትውልድ ዘመኑ ግን 1962 ተብሎ ቢታተምም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እስኪያርፍ ድረስ ትክክለኛ ዕድሜው አከራካሪ ነበር። ቁመቱ 231 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ፓስፖርቱ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ይል ነበር፤ ይኸውም ወደ 157 ሴንቲ ሜትር ነው። የለኩት ተቀምጦ ነው ይባላል። እንግዲህ እኛ የመዛግብት ሰዎች ማኅተም ያለበትን ሁሉ ስናምን ጥቂት እንጠንቀቅ።

ከ43ቱ አምስቱ የኑኒ ኡሞት ናቸው። በእኛ መዝገቦች ብዙ ጊዜ ኡሞድ ተብሎ የሚጻፈውን ይህን ስም ለአኙዋ ወንድሞቼ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው በኬንያ መጠለያ ተወለደ፤ በሚኒሶታ አደገ፤ ለቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን አሸንፎ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በፓሪስም ከማልዋች ጋር ለደቡብ ሱዳን ተሰልፏል። ቡድኑ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ባሸነፈበት ጨዋታ መጀመሪያ ላይ አዘጋጆቹ በስሕተት የሱዳንን መዝሙር አጫወቱ። ተማሪያችን ይህንንም በካርዱ ጀርባ መዝግቦታል። በየትኛው ፋብሪካ ካርድ ላይ ይህን ታገኙታላችሁ?

ወደ ክርክሩ ልግባ። ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ስብስቡን ፋኩልቲው ተረክቦ በቤተ መዛግብት እንዲያስቀምጠው ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው፤ ካርቶኑ እርጥበትና ምስጥ ያሰጋዋል፣ የክረምቱን ዝናብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ እኔ ዋናውን መውሰድ አልደግፍም። በመጠለያዎቻችን ስንት ሕፃን ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ስሙ ሳይጠየቅ በሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥቷል። የኦባነን ክስ የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ ምስሉ የማን ነው? ሌላም ነገር አለ፦ ካርዶቹ የሚኖሩት በልውውጥ ነው። በመደርደሪያ የተቆለፈ የማልዋች ካርድ በሦስት አይለወጥም፤ ጀርባውም አዲስ መስመር አይጨመርበትም።

ስለዚህ የማቀርበው ይህ ነው። እርሱ በፈቀደው መጠን የሁለቱም ገጽ ቅጂ ይነሣ፤ የኑዌርኛውን ጽሑፍ ራሱ ያንብብልን፣ ለሥራውም ይከፈለው፤ በመዝገቡ ላይ የአሰባሳቢው ስም በመረጠው መልክ ይግባ፤ ቅጂው እንዲነሣ ሲፈልግም ይነሣ። ዋናው ስብስብ በእጁ ይቆይ፤ ፋኩልቲው ውኃ የማያስገባ ሣጥን ይግዛለት። «የትውልድ ቀን» የሚለውን ረድፍ እርሱ ባዶ በተወበት ሁሉ እኛም ባዶ እንተወው፤ የካታሎግ ሶፍትዌራችን ባዶ ረድፍ አልቀበልም እንደሚል አውቃለሁ፣ ያ ደግሞ በባለሙያ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሐሳቡ በሚቀጥለው የፋኩልቲ ጉባኤ ይቀርባል። ተማሪው ከኋላ ረድፍ ተቀምጧል፤ ለመናገርም ሆነ ዝም ለማለት ነፃ ነው። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።