ምሳሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?

(ሰበታ ላይ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



በፕሮጀክታችን የምትረዳ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አለች። ወላጆቿ ለፋብሪካ ሥራ ከሩቅ አገር ወደ ሰበታ የመጡ ናቸው። የደንብ ልብስ አሰፋንላት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠናት፤ በመዝገባችንም «ተሟልቷል» ብለን ጻፍን። ልጅቱ ግን ከትምህርት ቤት መቅረት አበዛች። ሆዷን ያማታል ተባለ፤ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሕመም አልተገኘባትም። በመጨረሻ አንዲት የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ጠጋ ብላ፣ «ምሳሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?» ስትል ጠየቀቻት። ልጅቱ አለቀሰች። እኩዮቿ በአነጋገሯ ስለሚስቁባት ከክፍሉ ጀርባ ብቻዋን ትበላ ኖሯል።

እኛ ደብተር ቈጠርን እንጂ ጓደኛ አልቈጠርንም።

ከ10 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ልጅ ራሱን በእኩዮቹ ዓይን ማየት ይጀምራል። የእናቱን ፍቅር አልጠላም፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ሲያገልሉት የማይረባ የሆነ ይመስለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። ስለዚህ «የልጅ ኩርፊያ ነው» ብለን አንለፈው።

በከተማችን ያለውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስቡ። ከወላጅ ርቆ በአዳሪነት ለሚማር ልጅ፣ ሌሊት ሲከፋው አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ተሸክመው ወደ ጌታ ያደረሱት አራት ሰዎች ነበሩ። እኛ ለአንድ ልጅ አራት ባናገኝ አንድ እንፈልግለት።

ለዚያች ልጅ ያደረግነው ትንሽ ነው። በአንድ መንገድ ወደ ቤት የምትመለስ እኩያዋን ፈልገን በመዘምራን ልምምድ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የሳቁባትንም ልጆች ሳንቈጣ አነጋገርናቸው። ዛሬም ዝምተኛ ናት፤ ከትምህርት ቤት ግን አትቀርም።

ሠራተኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትጐበኙ የልጁን ደብተር ካያችሁ በኋላ የጓደኛውን ስም ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲናገር ምክር ከመስጠታችሁ በፊት አድምጡ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው ወይም መኖር ጠላሁ ካለ ግን፣ እየጸለያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ብቻውን የቆመውን ልጅ እንፈልግ። ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን። አሜን።